ዕቃው ሁሉ በቦታው

ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2017

ዛሬ ጀመርን። ክፍሉ ሎውሪ ነው፤ በስደት በምንኖርበት በዚህ የፈረንጅ ከተማ፣ በድሮው የአየር ኃይል ሰፈር። ብርሃኑ መልካም፣ መደርደሪያው ጠንካራ፣ ወለሉ ንጹሕ። ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች አሥራ አንዱ በሰዓቱ ደረሱ። እንቁ ዘገየች። አረጋውያን ቤት ሌሊት ስለምትሠራ ቀን ትተኛለች፤ ምክንያቷን ተቀብያለሁ፣ መዘግየቷን ግን መዝግቤአለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል የሚወጣውን መቀስና መቆንጠጫ ማጠብ፣ መብራት ባለው ማጉሊያ መስታወት መመርመር፣ ትሪ ላይ መደርደር፣ ጠቅልሎ ለእንፋሎት ማዘጋጀት። ከታክሲና ከመጋዘን የተሻለ እንጀራ ነው፤ ቋሚ ነው፣ ኢንሹራንስም አለው። ትምህርቱን ያቋቋመችው ላታ የምትባል ሕንዳዊት ናት። በአገሯ በኮቺ ከተማ ማየትና መስማት የሚያስቸግራቸውን ወጣቶች ለዚሁ ሥራ የሚያሠለጥን ቤት አላት፤ የእኛው ቅርንጫፉ ነው። እኔ የመሣሪያዎቹን ስምና ሒሳቡን አስተምራለሁ፣ መደርደሪያውንም እይዛለሁ።

ሕንዶች ሲያስተምሩ አዲስ አይሆኑብኝም። ደሴ ሒሳብ ያስተማረኝ ሚስተር ኩሪያን ሕንዳዊ ነበር። ጠመኔው ሳይቀር ቦታ ነበረው። ማጥፊያውን ያለ ቦታው ካገኘ ትምህርት አይጀምርም፤ እስክንመልሰው ቆሞ ይጠብቃል። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ በዚያው መንገድ ሄድሁ።

ላታ ግን የጀመረችው ባልጠበቅሁት ነገር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ተነሥቶ ሥራውን ለመሥራት ምን እንደሚያስቸግረው፣ ምን ቢደረግለት እንደሚቀለው ይናገር አለች። የኮቺ ልማድ ነው ይባላል። የእኛ ሰው ጉድለቱን በአደባባይ ሲናገር አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ እንቁ፣ "እኔ የጎደለኝ እንቅልፍ ነው፤ እሱን ከሰጣችሁኝ ሌላ አልጠይቅም" አለች፤ ሁሉም ሳቁ። ታክሲ የሚነዳው የወዳጄ የአብዱልሐሚድ ልጅ ጠልሀ ተራው ሲደርስ "ምንም፤ አይም ፋይን" ብሎ ተቀመጠ። ሀያ ሦስት ዓመቱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥር 10

እኛ ጋ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ኮቺ መሽቷል። በትልቁ ስክሪን ተገናኘን። የዚያ አሠልጣኝ ሱኒል ይባላል። ገና ስሙን እንደነገረን ስለ ዓይኑ ተናገረ። ዙሪያው ጠፍቶበት መሐሉ ብቻ ቀርቶለታል፤ ወረቀት ጠቅልሎ በቀዳዳው እንደሚያይ ሰው ነው። ሲመሽ ጭራሽ አያይም። ሆኖም በሆስፒታል የመሣሪያ ክፍል ለዓመታት ሠርቷል። በማጉሊያው መስታወት ሥር የሚፈለገው የመሐል ዓይን ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ማንም አይበልጠኝም አለ። የሚያስቸግረው ከጎኑ የተቀመጠውን ማግኘት ነው።

በጥቁር ጨርቅ ላይ የተበተኑ መሣሪያዎችን እንዴት እንደሚለቅም አሳየን። ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ አንዱን ረድፍ ሲጨርስ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው። አዝጋሚ ነው። ዕቃው አስቀድሞ በሥርዓት ቢቀመጥለት ይህን ሁሉ ባልለፋ ብዬ አሰብሁ።

ጥያቄ ያለው ሲባል ጠልሀ እጁን አወጣ። ሚስት አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። እንቁ "እህትህን ልትድርለት ነው እንዴ?" ስትለው ክፍሉ በሳቅ ወደቀ። ሱኒል አልሳቀም። ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉት፣ ልጆቹም እስካሁን ደኅና እንደሚያዩ ነገረው። ስለ ልጆቹ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ከክፍል በኋላ ጠልሀን ጠርቼ ጥያቄ ከትምህርቱ ጋር ይያያዝ አልሁት። "እሺ ቲቸር" አለ።


ማክሰኞ፣ ጥር 13

የመጀመሪያ ልምምድ። ጠልሀ በማጉሊያው ሥር ማንም ያላየውን ስንጥቅ አገኘ። ወዲያው ደግሞ ክርኑ አጠገብ ያለውን ትሪ አጥቶ ቆመ። "ልብህን ሰብስብ" አልሁት። ሁለት ነጥብ ቀነስሁ።

ስንወጣ ጨልሟል፣ በረዶ ይዟል። የእህቱ የሂዳያ እጮኛ ኑዕማን ሊወስደው መጥቶ ነበር። ከመኪና ወርዶ ክንዱን ያዘውና ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቀስ ብሎ "ደረጃ" አለው። ለወደፊት አማቹ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ወጣት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው።


ዓርብ፣ ጥር 16

አብዱልሐሚድ ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ወደ ቤት መጣ። ልጄ ሔቨን ሆስፒታል ተረኛ ነበረችና ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወደ እኛ ሰፈር ወደ ግሪን ቫሊ ራንች ተሳፋሪ አድርሶ እንዳለፈ ነገረኝ፤ ተሳፋሪ እንዳልነበረው ግን አውቄአለሁ። ጫማውን እያየ ነው የተናገረው።

ጠልሀ እንደ ሱኒል ነው። ሐኪም ካየው አራት ዓመት ሆነው። በዘር የሚመጣ ነው፤ የአብዱልሐሚድ አጎት በዚሁ መንገድ ታውሮ ሞቷል። ቤተሰቡ ለሰው አልተናገረም። አሁን ደግሞ ሂዳያ ታጭታለች፤ ሠርጉ ከዒድ በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ነው። ቶርንተን ያለችው የኑዕማን አክስት ዙህራ ነገር የማታልፍ ሴት ናት። በደማቸው አለ የሚባል ወሬ ከተነሣ ልጅቷ ቀረች አለኝ። ላታ እርዳታ የሚያስፈልገው ካለ ከሐኪም ወረቀት ጋር ያመልክት ብላለች፤ ወረቀት ከገባ ደግሞ በዚህ ከተማ ውስጥ የማይሰማ የለም።

"ጋሼ፣ ልጁ ሥራውን እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። ስሙ እንዲነሣ ግን አልፈልግም። እስከ ሠርጉ ብቻ" አለኝ።

ባለቤቴን ፀሐይነሽን ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ እጥበት የወሰዳት እሱ ነው፤ እስክታርፍ ድረስ። ሥራውን ትቶ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላስታወሰኝም፤ ዛሬም አላነሣውም። አለማንሣቱ ነው የከበደኝ።

"ከእኔ አይወጣም" አልሁት።

ከሄደ በኋላ ስለ ሁለቱ ነጥቦች አሰብሁ። የሥራ ውጤት የሥራ ውጤት ነው፤ አልመለስኋቸውም።


ቅዳሜ፣ ጥር 17

መላ አግኝቻለሁ። ቀላል ነው። ዕቃው ቦታውን የማይለቅ ከሆነ ልጁ ማየት አያስፈልገውም፤ ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ማስታወስ ደግሞ በትምህርት ይመጣል። ይህን አርባ ዓመት ሠርቼበታለሁ።


ሐሙስ፣ ጥር 22

ከጠልሀ ጋር ከሁሉም ቀድመን ገባን። ክፍሉን በአራት ከፈልሁት። መቀሶች ከበሩ በስተግራ፣ በወገብ ልክ። መቆንጠጫዎች ከእነሱ በላይ። ትሪዎች ከመስኮቱ ሥር። መጠቅለያው ጨርቅ ከጀርባው፣ እጁን ሲዘረጋ። ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያመጣ አደረግሁት። ሦስቴ ተሳሳተ፤ አራተኛው ላይ አመጣ።

"ልክ እንደ ቁርኣን ሒፍዝ ነው" ብሎ ሳቀ። ልጅ ሳለ መርካቶ ቁርኣን በቃሉ ይይዝ ነበር። እንዲህ ያለ ተማሪ ነው የሚያስፈልገው።


ሐሙስ፣ ጥር 29

ሔቨን የምሠራውን ጠየቀችኝ። የማንንም ስም ሳልጠራ ስለ መደርደሪያው ሥርዓት አስረዳኋት። ሳቀች። "አባዬ፣ እኛ ጋ እኮ ጋሪው ከአምስት ክፍል ነው የሚመጣው፤ ትናንት ያስቀመጥከው ዛሬ እዛው ካለ ሚራክል ነው" አለችኝ። አንድ ሰው መቀስ እያነፈነፈ ይውላል አለች።

ትልቅ ሆስፒታል እንዲህ ዝርክርክ መሆኑ አሳዘነኝ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የክፍል ፈተና። ጠልሀ አንደኛ። አንድ ስሕተት የለበትም፤ ከተሰጠው ሰዓትም ሩቡ ተርፎታል። እንቁ "ዓይኑን ሳያነሣ እኮ ነው የሚሠራው፤ ይሄ ልጅ ማሽን ነው!" አለች። ላታም ከበሩ ሆና ታየው ነበር። አልሳቀችም።

አብዱልሐሚድ ማታ ደወለ። ደጋግሞ "አላህ ያክብርልኝ" አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ደስ ሲለኝ ቆየ። እኔ ጡረታ የወጣሁት ማስተማር አቅቶኝ አይደለም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ደግ ነው።


ሐሙስ፣ የካቲት 13

ላታ ከክፍል በኋላ አስቀረችኝ። ለመጨረሻው ፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ጥቁር ንጣፍ፣ የጠረጴዛ መብራት የሚፈልግ ካለ እስከ የካቲት 28 ማመልከት አለበት አለች። ከዚያ በኋላ ፈታኞቹ አይቀበሉም። "ከተማሪዎችህ መሐል የማላውቀው ነገር አለ?" አለችኝ። ሁሉም በደኅና እየሠሩ ነው አልኋት። "ጠልሀስ?" አለች። ከሁሉም ቀዳሚ ነው አልኋት። ይህም እውነት ነው።

ከዚያ ስለ ኮቺ አወራችኝ። የመጀመሪያው ዓመት ሥልጠናው እምብዛም እንዳላስቸገራት፣ ያስቸገሯት ዘመዶች እንደሆኑ ነገረችኝ። አንዷን ልጅ አጎቷ በሩ ድረስ አምጥቶ፣ ወደ ቤቷ ሲመልሳት ግን በጓሮ መስኮት ያስገባት ነበር፤ ጎረቤት እንዳያያት። በደግነት ነው ያደረገው አለች። አሁን ያቺ ልጅ ያሠለጠነቻቸው ሰዎች በስድስት ሆስፒታል ይሠራሉ። በአገሯ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል፤ ዘመድ የደበቀው ግን ከሚቆጠረው ይበልጣል አለች።

የእኛ ነገር ሌላ ነው። የሚደበቅ ልጅ የለም። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንደኛ የወጣ ልጅ እንዴት ተደበቀ ይባላል?


እሑድ፣ የካቲት 23

ትናንት ረመዳን ገባ፤ እኛም ሁዳዴን ከያዝን ሳምንት ሊሞላን ነው። ሀቫና መንገድ ላይ ባለው ሱቅ ሽሮ ስገዛ ሂዳያ ቴምር ይዛ አገኘችኝ። እጄን ሳመችኝ። "ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምፈልገው። አባዬን አንድ ነገር እንዲነግሩልኝ፤ ከኔ ከሚሰማው ከርስዎ ቢሆን..." ብላ ጀመረች።

የሠርግ ነገር መሆኑን ገመትሁ። በዚህ ዘመን ሠርግ ሲደርስ አባትና ልጅ በአዳራሽ ኪራይ ይጣላሉ። ሠርጉ እስኪያልፍ አባትሽን አታስጨንቂው፣ ሁሉም በጊዜው ይሆናል አልኋት። እያየችኝ ቆመች። "እሱን እኮ ነው የምልዎት፤ ጠልሀን..." ስትል ሒሳብ ተቀባዩ ጠራኝ። ስመለስ ሄዳለች።

ዛሬ ማታ ነገሩ አልወጣልኝም። ስለ አዳራሹ ቢሆን ኖሮ ጠልሀን ለምን ታነሣለች? ምናልባት በሠርጉ ላይ የሚሆነው ነገር አሳስቧት ይሆናል።


ዓርብ፣ የካቲት 28

የማመልከቻው ቀን ዛሬ አለፈ። ጠልሀ ማክሰኞ ዕለት "ቲቸር፣ ያ ፎርም..." ብሎኝ ነበር። እኔ ሳልመልስለት እንቁ ገባች። ዛሬ ደውዬ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ምን ብዬ? አባቱ ወስኗል። ልጁም አዋቂ ነው፤ ከፈለገ በራሱ ያመለክት ነበር።

ጥርሴን አሞኛል። አልጋ ውስጥ ሆኜ የላታን ጥያቄ በእንግሊዝኛው እደግመዋለሁ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 4

መጥፎ ዜና። ፈተናው በእኛ ክፍል አይሆንም። የሚቀጥረው ሆስፒታል በራሱ ምድር ቤት እፈትናለሁ ብሏል። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 18። ለሁለት ሰው የሥራ ቦታ አለ፤ ከሚያልፉት የተመረጡት ወዲያው ይጀምራሉ።

ጠልሀ ጠረጴዛው ላይ እጁን ዘርግቶ መቀሶቹን እየነካ፣ "ያ ክፍል እንዴት እንደሆነ አላውቅም" አለ። እኔ አያለሁ አልሁት።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ሄድሁ። የመምህር ጉብኝት ብዬ አስፈቀድሁ። አሳንሰሩ፣ ኮሪደሩ፣ ሁለተኛው በር። ጠረጴዛዎቹን በእርምጃ ለካሁ፤ ያስገባችኝ ሠራተኛ ዓይን አላማረኝም። ቤት መጥቼ በሚሊሜትር ወረቀት ነደፍሁት። ማታ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ለጠልሀ በቴምር ሣጥኖችና በማንኪያ ክፍሉን ሳሎናቸው ውስጥ ሠራሁለት። አብዱልሐሚድ በር ላይ ቆሞ ያየን ነበር። ኑዕማንም እዚያ ነበር፤ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ አብዱልሐሚድን አየና ተወው።

ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ሠራ። አልተሳሳተም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ሱኒል እንዴት ነበር የሚያደርገው? ራሱን ሲያዞር?" አለኝ። ያንን ለመልመድ አሁን ጊዜ የለንም አልሁት።


ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ጠዋት። ዝግጁ ነን። ንድፉን ሲመልስልኝ በቃሉ ይዞታል። ጾመኛ ነው፣ ግን ረጋ ብሏል።

ማታ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ወደ ምድር ቤቱ አብሬው ወረድሁ። በመስታወት ግድግዳ በኩል ከአብዱልሐሚድና ከላታ ጋር ቆምን። የገባሁበት ክፍል ራሱ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ግን መንኮራኩር አላቸው። ስለካቸው እግራቸውን አላየሁም። ጠዋት ከቀዶ ጥገና የመጣ ጋሪ እንዲያልፍ ገፍተዋቸዋል። ትሪዎቹ ከግድግዳው ወደ መሐል መጥተዋል፣ መጠቅለያው ጨርቅ ከጀርባው የለም። ሌላው ተማሪ ሁሉ ገብቶ ዙሪያውን አየና ሥራውን ጀመረ።

ጠልሀ በንድፌ መሠረት ሄደ። ቀጥ ብሎ፣ ሳያመነታ። አካሄዱ ነው ያስደነገጠኝ፤ እንዲያ እንዲሄድ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እጁን ዘረጋ፣ ባዶ አየር ያዘ። ወደ ቀኝ ሲዞር በወገቡ የትሪውን ጫፍ መታው። ሁሉም ወረደ። በዚያ የሲሚንቶ ወለል ላይ ያ ብረት ሁሉ ሲወድቅ ያለውን ድምፅ መግለጽ አልፈልግም።

እንቁ የራሷን ሥራ ትታ ተንበርክካ መልቀም ጀመረች። ፈታኟ ከልካ መለሰቻት። ከዚያ ወደ ጠልሀ ቀርባ በቀስታ፣ ማየት ያስቸግርሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። በመስታወቱ በኩል ወደ እኛ ዞረ። ያየን አይመስለኝም። "አይ ሲ ፋይን" አለ።

ምናልባት በዚያች ደቂቃ ሌላ መልስ ቢሰጥ ይቆሙለት ነበር። ምናልባት። ላታ ወደ አሳንሰሩ ሄደች። አብዱልሐሚድ መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረገ ጠፍቶት በሦስቱም ፎቅ ዞርን። ጠልሀ ከኋላችን ክንዴን ይዞ ይከተላል። ጾም የሚፈታበት የመግሪብ ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ ውኃ እንኳ የቀመሰ የለም።

ጠረጴዛው መንኮራኩር ነበረው። መንኮራኩር ያለውን ነገር ለካሁት።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ጠልሀ አልመጣም። ሱኒል ስክሪኑ ላይ ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ ቃኝቶ፣ ስለ ሚስቴ የጠየቀኝ ልጅ የት አለ አለ።

ከክፍል በኋላ ለላታ ሁሉን ነገርኋት። አውቅ ነበር አለችኝ፤ የካቲት ላይ ከበሩ ሆና ስታየው ገብቷታል፤ ዓይኑን ሳያነሣ የሚሠራ ሰው ወይ ሊቅ ነው ወይ እየሸመደደ ነው። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኋት። "አንተን ጠየቅሁህ እኮ" አለች። ከዚያም ከራሱ አፍ ሳይወጣ በስሙ ላመለክትለት አልችልም፤ ሊናገር ሲነሣ ግን በሩን የዘጋው ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅዋን አላነሣችም። ሚስተር ኩሪያንም ድምፁን አያነሣም ነበር።


እሑድ፣ መጋቢት 21

ዒድ ነው። አልሄድም ብዬ ነበር፤ አብዱልሐሚድ ራሱ መጥቶ ወሰደኝ። ቤታቸው ሞልቷል። ዙህራም ከቶርንተን መጥታለች፤ የፈራናት ሴት እንዲህ አጭር መሆኗን አላውቅም ነበር። ጠልሀ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። ዒድ ሙባረክ አልሁት፤ ተነሥቶ ሳመኝና ተመልሶ ተቀመጠ።

ምግቡ ከተነሣ በኋላ ሴቶቹ ስለ ፈተናው አነሡ። አብዱልሐሚድ ፈጠን ብሎ፣ ጾም አድክሞት ነው፣ ራሱን አዙሮት ነው አለ። ያን ጊዜ ሂዳያ ሻይ የያዘችበትን አስቀመጠች።

"አባዬ በቃ። ኑዕማን ያውቃል። እኔ ነኝ የነገርኩት፤ ሽማግሌ ሳይላክ።"

ኑዕማን መሬት መሬት እያየ፣ እሷ ከመንገሯም በፊት እንደሚያውቅ ተናገረ። መጀመሪያ ማታ አብረው ሲወጡ ጠልሀ ራሱ "ክንድህን ስጠኝ፣ ሲጨልም አላይም" ብሎታል። ለአክስቱም ያኔውኑ ነግሯታል። ዙህራ፣ "እኛ ቤት መስማት የተሳነው ወንድሜ አለ አይደል? የሌለበት ቤት የት አለ? አባቷ እስኪነግረን ብለን ነው ዝም ያልነው፤ ማሳፈር መሰለን" አለች።

ለካ ኑዕማን ደረጃው ጋ የሚለው... ለካ ሱቅ ውስጥ ያቺ ልጅ...

አብዱልሐሚድ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "እና እኔ ልጄን የደበቅኩት ከማን ነው?" አለ። ወደ እኔ እንዳያይ ጸለይሁ። አላየኝም። ያ ደግሞ ይብሳል።

ስወጣ ጠልሀ እስከ በር ሸኘኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ስለሚቀጥለው ፈተና ማውራት ጀመርሁ። መስከረም ላይ ነው፤ ሁለቱ የሥራ ቦታዎች ግን ተይዘዋል፤ አንዱን እንቁ አግኝታለች። እስክጨርስ ሰማኝ።

"ቲቸር፣ አይቀየሙኝ። እርስዎ ያስተማሩኝ ክፍሉን ነው። ሥራውን አይደለም" አለኝ።

በትሕትና ነው የተናገረው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልጻፍሁም። የሚጻፍ አልነበረኝም።

ላታ ደወለች። ጠልሀ ማመልከቻውን ራሱ ሞልቶ፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር አስገብቷል። አብዱልሐሚድ አብሮት ሄዶ በር ላይ ጠበቀ። እስከ መስከረም ድረስ ልጁ አየር ማረፊያ ሻንጣ መጠቅለያ ቦታ በትርፍ ሰዓት ይሠራል፤ ቀን ቀን። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ሎውሪ ይመጣል፤ የሱኒልን አካሄድ ከላታ ጋር ይለማመዳል። መደርደሪያውን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ጠልሀ አይቃወምም አለች። "ጠይቄዋለሁ" አለች፤ ይህን ቃል ረገጥ አድርጋ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሰሞነ ሕማማት ነው። ከስግደት በቀጥታ ወደ ሎውሪ ሄድሁ፤ ማንም ሳይመጣ ገባሁ። ሁሉም በቦታው ነው። መቀሶች በስተግራ፣ መቆንጠጫዎች ከላይ፣ ትሪዎች ከመስኮቱ ሥር። የጻፍኋቸው ምልክቶች ቀጥ ብለው ተለጥፈዋል። ጥቂት ቆሜ አየኋቸው።

ከዚያ አዘበራረቅሁት። መጀመሪያ አንድ መቀስ ብቻ ነበር ያነሣሁት፤ የማኖርበት ጠፍቶኝ በእጄ ይዤው ዞርሁ። መልሼ ቦታው አኖርሁት። እንደገና አነሣሁት። አንዴ ከተጀመረ በኋላ ግን ቀለለ። ትሪዎቹን ወደ መሐል ገፋሁ፣ ጨርቁን ወንበር ላይ ጣልሁ፣ ትልቁን መቆንጠጫ ከማይመስል ቦታ ደበቅሁ። ምልክቶቹን ላጥሁ። ላቤ መጣ።

ጠልሀ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ዝቅ አደረገ፤ እንደገና ከግራ።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"እርስዎ?" ሳቀ። ከፈተናው ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ጀመረ። አዝጋሚ ነው፤ በጣም አዝጋሚ። አንዴ ከጉልበቱ አጠገብ ያለውን ትሪ አለፈው፤ ምላሴን ነከስሁ። በሚቀጥለው ረድፍ አገኘው። አንድ በአንድ ተገኘ፤ ትልቁ መቆንጠጫ ብቻ ቀረ።

ሁለተኛ ዙር ጀመረ። ሦስተኛ። "ቲቸር፣ እሱን የት ነው ያደረጉት?" አለኝ።

አሰብሁ። በእውነት አሰብሁ። መስኮቱ ሥር? ከወንበሩ ኋላ? የት እንዳኖርሁት ጨርሶ ጠፍቶኛል፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

"አላውቅም" አልሁት።

"እሺ" አለና ራሱን ወደ ግራ መልሶ ከላይኛው ረድፍ ጀመረ። እኔም ወንበሬን ትቼ ከሌላው ጫፍ ጀመርሁ።